በቅሎዋ የሌለችበት ፊልም

«በቅሎዋን አውጥተዋታል» አለች የሲኒማ ቤቷ ትኬት ሻጭ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ የሥራ ጉርዷን ወገብ እየሞከረች። አባባሏ ቀለል ያለ ነበር፤ ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም የምትል ነበር የምትመስለው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከንፈሯ መሃል ነክሳ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ቀና ብላ «ማንን?» አለች።

«በቅሎዋን ነዋ፣ እትዬ። ጌሙ ላይ የነበረችውን። ፊልሙ ላይ የለችም፤ በእሷ ፈንታ ለሰውዬው ሞተር ብስክሌት ሰጥተውታል። ሰዉ እየተራገመ ነው የሚወጣው። ትናንትና አንዱ መስኮቴን ሲደበድብብኝ ነበር፣ ታሪኩን እኔ የጻፍኩት ይመስል።»

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ብዙ በደል አይታለች። ሆዱን አሳድጎ መጥቶ ሱሪዬን አጠበብሽው ያላት አለ፤ ለእህቷ ያሰፋችውን ቀሚስ ራሷ ለብሳ መጥታ ልኬ አይደለም ብላ የጮኸችባት አለች። ሁሉንም በሳቅ አሳልፋዋለች። እንዲህ በቀጥታ በራሷ ላይ የተሠራ ግፍ ግን ገጥሟት አያውቅም፤ በቅሎዋ እሷ ነበረቻ። ትኬት ሻጯ ይህን አታውቅም። ወገቡ ልክ እንደመጣላት አይታ፣ አመስግና፣ ጉርዱን በፌስታል ይዛ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ እንዳለች ቀረች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የከሰዓቱ ትርኢት ሦስት ትኬቶች ከመሳቢያዋ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ትልቅ ተስፋ የጣለችው በዚህ ፊልም ላይ ነበር።

«ፋኖስ አብሪው» የሚባለው ጌም ልጆቿ ገና ትንንሽ ሳሉ ነው ቤቷ የገባው። አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ካፖርቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ዘይት የጫነች በቅሎ አስከትሎ፣ በእጁ ጭላንጭል እሳት ይዞ ከመንደር መንደር ይሄዳል። ጨለማ የዋጠው መንደር ሲደርስ ፋኖሶቹን እየዞረ ያበራል፤ ሰዎቹም በራቸውን ከፍተው ብቅ ብቅ ይላሉ። በቃ፣ ጌሙ ይኸው ነው። የሚገደል የለም፣ የሚፈርስ የለም። ጣጣው ያለው እሳቷ ላይ ነው። ሰውዬው ከሮጠ ትጠፋለች። ንፋስ ሲመጣ ቆሞ በመዳፉ ካልጋረዳትም ትጠፋለች። ከጠፋች ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው መንደር መነሳት ነው። ቤት ውስጥ የነበረችው ጆይስቲክ አንዲት ብቻ ስለነበረች ተራ በተራ ተጫወቱ ሲባሉ ተራው የማን እንደሆነ ሲነታረኩ ጌሙ ሳይከፈት ይመሽ ነበር። በኋላ ማንም ሳይነግራቸው መላ ዘየዱ፤ ጆይስቲኳን ለሁለት ተካፈሏት። ግራው የልጁ ሆነ፣ ቀኙ የልጅቷ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡና እሱ ያራምዳል፣ እሷ እሳቱን ትጋርዳለች። «ንፋስ!» ትላለች። «ቆሜያለሁ!» ይላል። ትጋርዳለች። «ሂድ!» ስትለው ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ሲደባደቡ የነበሩ ሁለት ልጆች እንደ አንድ ሰው ሆነው ስንት ተራራ እንዳቋረጡ እናታቸው ታውቃለች።

በቅሎዋ ደግሞ የራሷ ጠባይ ነበራት። ባሰኛት ቦታ ቀጥ ትላለች። ቢገፏት አትገፋ፣ ቢጎትቷት አትጎተት፤ እስክትፈቅድ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። ለዚህ ኩራቷ ልጆቹ «እመቤት» የሚል ስም አወጡላት። እናታቸው ከኋላቸው የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ፣ በቅሎዋ ቀጥ ያለች እንደሆነ፣ ልጅቷ ዞር እንኳን ሳትል «እመቤት ምን አለች?» ብላ ትጠይቃለች። እናቲቱም አፍንጫዋን ቆንጥጣ ይዛ፣ ቀጭን የወይዘሮ ድምፅ አውጥታ «እመቤት ምሳ ሳይበላ ንቅንቅ አልልም ብላለች» ትላለች። «እመቤት ጥርሱን ሳይቦርሽ የሚተኛ ሰው ያስጠላኛል ብላለች» ትላለች። በራሷ አፍ ስትናገር ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሏት ልጆች ለበቅሎዋ ሰጥ ለጥ ብለው ይታዘዙ ነበር። ይህን ምስጢር ስታገኝ እናትነት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ገርሟት ነበር።

እንግዲህ ያ ሁሉ ቀርቶ፣ ልጆቹ ዛሬ ሆድና ጀርባ ናቸው። ነገሩ የተነሳው ከእናቲቱ ጉልበት ነው። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሕንጻው አሮጌ ነው፣ ጉልበቷም ከደረጃው ጋር መስማማት ትቷል። የሊፍት ጠጋኝ የሆነው ልጇ እኔ ጋ ትምጣ፣ የእኔ ሕንጻ ሊፍት አለው አለ። ፋርማሲ የምትሠራው ልጇ ደግሞ የእኔ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ ሊፍትም አያስፈልገው አለች። እስከዚህ ድረስ ደግ ነበር፤ ልጆች እናታቸውን የሚሻሙበት ቤት ያለው ሰው የታደለ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አፍ እላፊ የመጣው። «ሊፍትህ እንደሆነ ከሚንቀሳቀስበት የሚቆምበት ቀን ይበልጣል» አለችው፣ ያውም ለሊፍት ጠጋኝ። እሱም ፊቱ ደም መስሎ «አንቺ እናት አይደለም የቸገረሽ፣ ለልጅሽ ሞግዚት ነው» አላት። እናቲቱ በመሃላቸው ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ብትጠየቅም ምን እንደምትል ታውቃለች፤ የትም መሄድ አትፈልግም። ደንበኞቿ እዚህ ናቸው፣ የጠዋቱ ብርሃን በዚህ መስኮት በኩል መኪናዋ ላይ ሲወድቅ ትወዳለች። ግን ለአንዱ እምቢ ብትል ይቀየማታል፣ ለሁለቱም እምቢ ብትል ደግሞ ሁለቱም ምን አደረግናት ብለው ያዝናሉ። ስለዚህ ነገሩን በሆዷ ይዛ ዝም አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የልጁ፣ እሁድ የልጅቷ ሆነ። ማንም አልደነገገውም፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ። እናቲቱ ቅዳሜ አንድ ትንሽ ድስት ትጥዳለች፣ እሁድ ደግሞ ሌላ ትንሽ ድስት ትጥዳለች። ትልቁ ድስት ከማዕድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ልጁ ቅዳሜ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያጠብቃል፤ ልጅቷ እሁድ መጥታ ቧንቧው ጠብቆ አልከፈት ይላታልና «ማነው እንደዚህ ያደረገው?» ትላለች፣ ማን እንደሆነ እያወቀች። እሷ የጉልበት ቅባት ታመጣለች፤ እሱ ያንን ያይና በሳምንቱ ሌላ የጉልበት ቅባት ይዞ ይመጣል። እናቲቱም አድልዎ እንዳይሆንባት የግራ ጉልበቷን በልጁ ቅባት፣ የቀኝ ጉልበቷን በልጅቷ ቅባት ታሻለች። የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋት ሁለቱም እኩል ነው ብላለች፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ምንም አይሠሩም።

የፊልሙን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያየችው ከገበያ ስትመለስ ነው። እዚያው ቆማ ሳቀች። ለልጁ ደውላ «ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ውሰደኝ» አለችው። ለልጅቷም ደውላ «ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ» አለቻት። አንዳቸው ስለ አንዳቸው አልሰሙም። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ያ ሰውዬ በዚያ ትልቅ ሸራ ላይ እሳቱን ይዞ ሲራመድ፣ እመቤትም ከኋላ ከኋላ ስትል ሲያዩ፣ የሁለቱም አንጀት ይላወሳል። ሌላው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። አሁን ግን እመቤትን አውጥተዋት ሞተር ብስክሌት አስገብተዋል። እንዲህ ዓይነት ፊልም ልጆቿን ሊያስታርቅ ቀርቶ ሰላማዊ ባልና ሚስትም ያጣላል። ልተወው ይሆን ብላ ስልኳን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠች። በመጨረሻ «እንግዲህ ምን ይዋጠኝ» አለችና ያማረውን ቀሚሷን ለበሰች።

ልጁ እንደ ልማዱ ደረጃውን ሲያወርዳት በየማረፊያው ቆሞ ንግግር አደረገ። ሊፍት ቢኖር ኖሮ እስካሁን ታች ነበርን አለ። በየቀኑ ይህን መውጣት መውረድ ሰው አይደለም፣ ብረትም አይችለውም አለ። የሥራው ዘይት ከጥፍሮቹ ሥር አልለቀቀም፣ እጇን ሲይዛት ግን እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው። እሷ እሺ እሺ ትላለች፤ ልቧ ያለው ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ነጭ ገዋኗን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ ቆማለች። ወንድሟን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እሱም እናቱን ገልመጥ አደረጋት። ሁለቱም እኩል «እማዬ!» አሉ፣ ያን ዓይነት «እማዬ» የሚባለው እናት ስታጠፋ ነው።

«ትኬቱ ሦስት ነው የመጣልኝ» አለች እናቲቱ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ። «ታዲያ አንዱን ልጣለው?»

ገቡ። ልጁ ለእናቱ ፈንዲሻ ገዛላት። ልጅቷም ይህን እያየች ለእናቷ ሌላ ፈንዲሻ ገዛችላት። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ወንበሮቹ ሰው ተቀምጦባቸው ተቀምጦባቸው ጨርቃቸው ሳስቷል፣ የእናቲቱ እጅ ሳታስበው አንዱን የተተረተረ ስፌት ዳሰሰ። በመሃላቸው ተቀመጠች፣ ሁለቱንም ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንዴ ከግራው አንዴ ከቀኙ እየቆነጠረች። ልጁ ወደ ግራ ግድግዳ ያያል። ልጅቷ ወደ ቀኝ ግድግዳ ታያለች። ሸራው ገና ስላልበራ ግድግዳዎቹን በደንብ ለማጥናት ጊዜ ነበራቸው። እናቲቱ በዚህ ዝምታ ውስጥ ተቀምጣ መምጣቷን ጠላች፤ መብራቱ ሲጠፋ እፎይ አለች።

ፊልሙ በፍንዳታ ጀመረ። ከዚያ ፋኖስ አብሪው መጣ፣ ጡንቻው ተወጣጥሮ፣ እያወራ። ጌሙ ላይ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው ሰው አፉ አልዘጋ አለ። አባቱ ተገድሎበታል፤ ስለ አባቱ አወራ። የብርሃን ንጉሥ ልጅ ኖሯል፤ ስለ ንግሥናው አወራ። አንዲት ቆንጆ መጣች፣ ለእሷም የነገረንን ሁሉ ደግሞ ነገራት። ካፖርቱ ላይ የተጣፈ ነገር የለም። እናቲቱ በልብስ ሰፊ ዓይን ገመገመችው፤ ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ የተቀመጠ አዲስ ቆዳ ነው፣ ዝናብ ነክቶት የማያውቅ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ክርኑን ያልጠገነለት። ሞተር ብስክሌቱ ሲያጓራ ልጅቷ ከአፍንጫዋ አንድ ትንፋሽ ለቀቀች። ከግራ በኩልም እንዲሁ ዓይነት ትንፋሽ ተሰማ። እናቲቱ ፈንዲሻዋን ማኘክ አቆመች። ሁለቱ ትንፋሾች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ድሮ ሾርባው ቀዝቅዞ ሲቀርብላቸው የሚያወጡት ነው።

ከዚያ ሰውዬው ተራራው ላይ ደረሰ። ይኼን ተራራ ሦስቱም ያውቁታል፤ የመጨረሻው መንደር ከወዲያ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሳቷ የጠፋችባቸው እዚህ ነው። ሰውዬው ከሞተሩ ወርዶ እሳቱን በእጁ ያዘ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቲቱ ወደ ግራ ዓይኗን ጣል ስታደርግ የልጇ አውራ ጣት የወንበሩ ክንድ ላይ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይገፋል። ወደ ቀኝ ስታይ የልጅቷ መዳፍ ጉልበቷ ላይ ጎበጥ ብሎ ተዘጋጅቷል። እነሱ እጃቸው ምን እንደሚሠራ አላወቁም። ሸራው ላይ ዛፎቹ ጎንበስ ማለት ጀመሩ፣ ሽውታውም ከአዳራሹ ማዕዘን ማዕዘን ተሰማ።

«ንፋስ!» አለች ልጅቷ፣ ጮክ ብላ።

«ቆሜያለሁ!» አለ ልጁ።

ያ ሰውዬ ግን አልቆመም። ሮጠ። እሳቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ያን ሁሉ አውሎ ነፋስ ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ሮጠ፤ እሳቱም አልጠፋችም፣ እንዲያውም እንደ ችቦ ቦግ አለች።

«ሮጠ እኮ!» አለች ልጅቷ፣ በእናቷ ላይ ተንጠራርታ።

«አልጠፋችም!» አለ ልጁ፣ እሱም ከወዲህ ተንጠራርቶ። «እንዴት ነው የማትጠፋው?»

«መጥፋት አለባት!»

«እኛ በጠዋት ተነስተን፣ ትንፋሻችንን ይዘን...»

«ጉንፋን ይዞኝ ማስነጠስ እንኳን ከልክለኸኝ አልነበር!»

ከኋላ የተቀመጠ ሰው እሽሽ አለ። ሁለቱም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ሰበሩ፤ ግን ድምፃቸው እንጂ ነገራቸው አላበቃም። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ማን ያየዋል? በእናቲቱ አናት ላይ ሹክሹክታው ወዲህና ወዲያ ተመላለሰ። ካፖርቱን አየሽው? የማን ልጅ ነው አሉ? እመቤትንስ የት ጥለዋት ነው? እናቲቱ ፈንዲሻው ጭኗ ላይ ሲደፋ ዝም ብላ፣ በጨለማው ውስጥ ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ ተቀመጠች። ቆይታ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ተነሳች። ሽንት ቤት ግን አልሄደችም፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ቆመች፣ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች፣ ተመለሰች። ስትመለስ ልጅቷ የእሷ ቦታ ላይ ተቀምጣለች፣ ከወንድሟ ጎን። እናቲቱ ዳር ላይ ቁጭ አለች። ዳር መቀመጥ እንዲህ ደስ እንደሚል አታውቅም ነበር።

መጨረሻ ላይ ፋኖስ አብሪው በቁጣ የጠላቶቹን ከተማ በሙሉ በእሳት አጋየው። ሙዚቃው አስገመገመ፣ ቆንጅየዋ አለቀሰች። «መብራት አብራ ቢሉት ቤት አቃጠለ!» አለ ልጁ፣ ይህን ጊዜ ሹክሹክታውንም ረስቶት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፣ ፊቷን ገዋኗ ውስጥ ቀብራ። ያ እሽሽ ያለው ሰውዬ ራሱ ከኋላ ሳቁ አመለጠው። ከሱ ተያይዞ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ከተማው እየነደደ፣ ሰዉ እየሳቀ መብራት በራ።

ትኬት ሻጯ መውጫው ላይ አዲስ የጠበበ ጉርዷን ለብሳ ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ስታይ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቀረበችና «እንዴት ነበር፣ እትዬ?» አለቻት።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ የማይረባ ፊልም አይቼ አላውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ!» ብላ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመቻት። ትኬት ሻጯ ምን እንደተደረገላት ሳይገባት እዚያው ቀረች።

መንገዱን ሁሉ የፊልሙን ሥጋ ሲቦጭቁ ሄዱ። ልጁ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር አለ፤ ሰውዬው ሲሄድ እያየህ አንተ የማታራምደው ከሆነ ምን ታደርጋለህ፣ እንደ ሐውልት ተገትረህ ታየዋለህ እንጂ። ልጅቷ የለም፣ ወሬው ነው አለች። ሰውዬው ዝም ሲል እኮ እኛ ነበርን የምናወራው፤ አሁን አፍ ሰጡትና እኛን ዝም አሰኙን። እናቲቱ ክንዷን ለሁለቱም ሰጥታ በመሃል ትራመዳለች። እሷም የምትለው ነበራት። «ልካችሁን ሳይወስዱ ነው የሰፉት» አለች። «ጨርቁ ውድ ነው፣ ክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። ለሁሉም ይሆናል ብለው ሰፉት፣ ለማንም ሳይሆን ቀረ።» ልጆቿ በዚህ ሳቁ፤ ልጅቷ እኔ ሦስት ቀን ባስበው የማልደርስበትን በአንድ አፍ ጨረሰችው አለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ሦስቱን አብረው ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቲቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰላም አለችው።

ሕንጻው በር ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ደረጃው እዚያው አለ። ልጁ ደረጃውን አየ፣ ከዚያ የእናቱን ጉልበት አየ። ልጅቷ ወንድሟ ምን እንዳየ አየች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷ ከንፈሯን ገጠመች። ያ የሊፍትና የሞግዚት ነገር ከሦስቱ ጋር ተሰልፎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። እናቲቱ በአንድ ጎን አንዱ፣ በሌላ ጎን ሌላው ደግፏት፣ በየማረፊያው ስታርፍ የምትሰማው የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነው። እዚህ ደርሶ እንዳይበላሽ ብላ ፈራች። ነገ እሁድ ነው፤ ልጁ ቤቱ ይሆናል፣ ልጅቷ ብቻዋን ትመጣለች፣ ትንሹ ድስት ይጣዳል።

ቤት እንደገቡ ልጅቷ ወደ ጨርቅ መደርደሪያው ሄደችና ከገበር ጨርቆቹ ሥር እጇን ሰደደች። «ጌሙን እዚህ ነበር የምታስቀምጪው» አለች። ነበረ። ልጁ ሽቦዎቹን ተቀበላት፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሲነካካ ቆየና ምስሉ መጣ፤ ደብዛዛ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ በተጣፈ ካፖርቱ። ከኋላው እመቤት ጆሮዋን እያወዛወዘች ቆማለች። ከፊልሙ ጋር ሲተያይ የልጅ ሥዕል ነው የሚመስለው። ሁለቱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሰፍቷል፣ እጃቸው አድጓል፣ ጆይስቲኳ ደግሞ ያው ድሮ የነበረችው ናት፤ ጣታቸው ተደራርቦ ያዟት። እናቲቱ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ቁጭ አለች። አንድ እጅጌ አነሳች፣ ግን መርፌው ሥር አላስገባችውም።

መጀመሪያ አልተግባቡም። እሷ ስትጋርድ እሱ ይሄዳል፣ እሱ ሲቆም እሷ ሂድ ትላለች፤ እሳቷም ደጋግማ ጠፋችባቸው። ቀስ በቀስ ግን እጆቻቸው የድሮውን አስታወሱ። አንድ መንደር በራ። የመጀመሪያው በር ተከፈተ፣ ትንንሾቹ ሰዎች ወጡ። ወንዙን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ እመቤት ቀጥ አለች። ልጁ እንደ ድሮው ሊጎትታት ሞከረና ተወው። ልጅቷ ዞር እንኳን ሳትል፣ ያለምንም ሐሳብ፣ «እመቤት ምን አለች?» አለች።

እናቲቱ ይህን ጥያቄ የተጠየቀችው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ ትዝ አላት፤ አንቺ ምን ትያለሽ ብሎ እስካሁን ማንም ያልጠየቃት ነገር አለ። እጅጌውን አስቀመጠች። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘች።

«እመቤት» አለች በዚያ በቀጭኑ ድምፅ፣ «ሊፍትም አልፈልግም፣ ምድር ቤትም አልፈልግም ብላለች። ጉልበቴ የራሴ ነው፣ ሲያቅተኝ እናገራለሁ ብላለች። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ከመስኮቴ ሥር ቢገፉኝ አልገፋም፣ ቢጎትቱኝ አልጎተትም ብላለች።» ትንፋሽ ወሰደች። «ደግሞም በሳምንት ሁለት ጊዜ ትንንሽ ድስት መጣድ ሰልችቶኛል፤ አንድ ቀን መርጣችሁ አብራችሁ ኑ ብላለች።»

ሁለቱም አልዞሩም። ቴሌቪዥኑ ላይ በቅሎዋ ቆማለች፣ ሰውዬው እሳቱን ይዞ ከጎኗ ቆሟል። የልጅቷ ማጅራት ሲቀላ እናቲቱ ከኋላ ታያለች። ልጁ «እመቤት ካለች እንግዲህ» አለ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ «ሚጡ፣ ሊፍቱ አሁን ይሠራል» አላት፤ ሚጡ ይላት የነበረው ድሮ ነው።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች እሷ። «ልጄ ደግሞ ሞግዚት አላት።»

«አውቃለሁ።»

በቅሎዋ ጆሮዋን አወዛወዘችና መራመድ ጀመረች። «ታዲያ ቅዳሜ ይሁን» አለ ልጁ። «የለም፣ እሁድ ነው» አለች ልጅቷ። «ቅዳሜ ነው የምትወደው።» «ማን ነገረህ? እሁድ ነው!» በክርናቸው መገፋፋት ጀመሩ፣ ጆይስቲኳን ሳይለቁ። ዳገቱ ላይ ዛፎቹ ጎንበስ ማለት ጀመሩ፣ ማንም አላየም፣ ማንም ንፋስ ብሎ አልጮኸም። እሳቷ ጥፍት አለች። ሁለቱም እኩል «እንዴ!» አሉና በሳቅ ተያይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ከመጀመሪያው መንደር ሊነሱ ነው።

እናቲቱ ጉልበቷን እየደገፈች ከወንበሯ ተነሳች። ወደ ማዕድ ቤት ገባች፣ በርጩማ አስጠግታ፣ ተንጠራርታ ትልቁን ድስት አወረደችና ታጥብ ጀመር።